ባቲያ ፍሌት «አንሸከምም» ያለችበት ጥር

በመንደራችን በስካርኖክ ስሙ ፍሌት ያልሆነ ፍጥረት ቢኖር ቄሱና የቄሱ ፈረስ ናቸው። ሌላው ሁሉ ፍሌት ነው። ፍሌት ፍሌትን ያገባል፣ ፍሌት ይወልዳል፤ ቅጽል ስም ካልተጨመረበት ማን የማን እንደሆነ እንኳን ሰው፣ ቀራጭም አይለየው። የባቲያ ባል ዶድ «ወይፈኑ» ይባል ነበር። ስሙ ከአያቱ የወረደ ነው፤ ግን እሱም አላሳፈረውም፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ትከሻ ሰፊ ሰው ነበር። ባቲያ ደግሞ ከደረቱ አትደርስም። እሷ ናት እንግዲህ ይህን ወይፈን አርባ ዓመት ሙሉ አዝላ ባሕር ያሻገረችው።

ቀልድ አይደለም። ያኔ ወደብ የለንም፤ ጀልባው እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ ይቆማል። ወንድ እግሩ ረጥቦ ቀኑን ሙሉ ክፍት ጀልባ ላይ ከዋለ ሳንባው አለቀለት። ደግሞም በረጠበ እግር ጀልባ የወጣ ሰው ዓሣ ያባርራል ይባላል። ስለዚህ ሚስት ቀሚሷን ወገቧ ላይ ትሸጉጥና ባሏን አዝላ ታደርሰዋለች፤ ማታም ሄዳ ታመጣዋለች። እሱ ረጅም ቦት ጫማውን አድርጎ፣ ፒፓውን ነክሶ፣ እንደ ጌታ ተቀምጦ ይሄዳል። ሴቲቱ ከዚያ ወጥታ የዓሣ ቅርጫቷን ተሸክማ በየገበሬው ቤት ትዞራለች፤ ዓሣ ሰጥታ እንቁላልና የአጃ ዱቄት ይዛ ትመለሳለች፤ ማታ ደግሞ ለነገ መንጠቆ ላይ የዛጎል ሥጋ ትሰካለች። እንዲህ ያለችውን ሚስት ነው የእኛ መንደር «ደህና ሚስት» የሚላት።

ባቲያ ደህና ሚስት ነበረች፤ ማንም አይክድም። ሁለት ጊዜ ጽንስ ጨነገፈባት፤ ሁለቱም ውሃው እንደ በረዶ በሚሆንበት በጥር፣ ሁለቱም ዶድን አድርሳ በተመለሰች ሰሞን። አሮጊቶቹ «የእግዜር ፈቃድ ነው» አሏት። እሷ ውሃው እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ለማን ትናገር? ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። አንድ ልጅ ተረፈላት፤ ዋቲ። እሱም አድጎ ኤፊ የምትባል ቀጭን ልጅ አገባ። ኤፊም ባለፈው ብርድ ወራት የመጀመሪያ ጽንሷ ጨነገፈባት። አሁን ደግሞ አርግዛ አምስት ወሯ ነው፣ ጥርም ገብቷል።

ባቲያ ልጇን ራሷ ልታዝለው ጠየቀች፤ ዶድን አድርሳ፣ ተመልሳ ዋቲን። ኤፊ አሻፈረኝ አለች። ባሏን አማቷ የምታዝልላት ሴት በየበሩ «ባልሽን ለእናቱ መለስሽው እንዴ?» እየተባለች ነው የምትኖረው፤ የመንደራችን ሴት ምላስ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። «እማማ፣ እችላለሁ» አለች ኤፊ። ባቲያም ያን «እችላለሁ» ታውቀዋለች፤ ያኔ እሷም ያለችው እሱኑ ነው።

መድኃኒቱ ከእጅ አልራቀም ነበር። የመሬቱ ባለርስት «እንጨትና ግንበኛ ከእኔ፣ ድንጋይና ጉልበት ከእናንተ፤ ወደብ እንሥራ» ብሎ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፦ የጀልባ አለቆች ሁሉ በአንድ ቃል ይስማሙ። ቄሱም በስብከቱ ደገፈው። ይህ ግን ነገሩን አባሰው፤ እኛ ዘንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ቄስ ገደ ቢስ ነው ብሎ፣ ባየው ቀን ጀልባውን አይነካም፣ ስሙንም ባሕር ላይ አይጠራም። አለቆቹ የጀልባ ሸራ በሚሰፋበት ቤት ተሰበሰቡና ምን ይላል ብለው ሽማግሌውን ዶድን አዩት። ዶድም አባቶቻችን ያለ ወደብ ኖረዋል፣ ወደብ ለሰነፍ ነው አለ። ሌሎቹም ወደብ ለሰነፍ ነው አሉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ቤት ሲመጣ ባቲያ ወደቡን ለምን እምቢ እንዳለ ጠየቀችው። ዶድ ቦት ጫማውን እያወለቀ፣ በደህና ልብ፣ «ምን ጎደለን?» አላት።

«እናንተንማ ምንም» አለች ባቲያ።

እሱ ተሸንፋ የተቀመጠች መሰለው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሚስቱን መትቶ አያውቅም፣ ከገበያ ያለ ስጦታ አይገባም። ብቻ አይቶት የማያውቀውን አያውቅም።

በማግስቱ ሴቶቹ ዛጎል ሊለቅሙ ድንጋዩ ላይ ሲወርዱ ባቲያ አለቆቹ ወደቡን እስኪቀበሉ ወንዶቹን አናዝል የሚለውን ነገር አነሳችው። አንዳንዶቹ ሳቁባት። ዓሣው ከቀረ ልጆቻችን ምን ይበላሉ ያሉም ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ባቲያ መንጠቆው ላይ ዛጎሉን እንሰካለን፣ የመንጠቆውን ገመድ እናወርዳለን፣ የአጃ ቂጣውን እንጋግራለን፣ ዓሣውን እንሸጣለን አለች። የምንተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነሱን ማዘል። ከዚያ ኤፊን አሳየቻቸው፤ ልጅቷ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ ሆዷን በቅርጫቷ ከልላ ትለቅማለች። ሳቁ ቆመ። እዚያ ከቆሙት ውስጥ ጥር ጽንስ ያልነጠቃት ሴት ጥቂት ናት፤ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አንዷ ለሌላዋ አፍ አውጥታ ነግራት አታውቅም።

ሰኞ ማለዳ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ዓሣ ቀርቧል ተብሏል። ወንዶቹ ወረዱ። ሴቶቹም ወረዱ፤ ገመዱን፣ ቂጣውን፣ የመጠጥ ውሃውን አሸዋው ላይ ደረደሩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለቀው ቆሙ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው ግን እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ዋቲ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አባቱን እያየ የሚገባበት ጠፋው።

«ነይ እንጂ፣ ባሕሩ ሊለወጥብን ነው» አለ ዶድ።

«አልመጣም» አለች ባቲያ። «ጀልባው ያውልህ፤ ሩቅ አይደለም። ሂድና ግባበት።»

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ወይፈኑ ውሃ ፈራ አለ። ይህን ጊዜ የዶድ ፊት ቀላ። ቦት ጫማውን አወለቀ፣ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ በባዶ እግሩ ገባ።

ባቲያ እንዲህ ያደርጋል ብላ አላሰበችም። ዶድ በረጠበ እግር ጀልባው ላይ ከወጣ ሌሎቹም እልህ ይዟቸው ይከተላሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይችሉታል፤ ከዚያ ማሳል ይጀምራሉ፣ የሴቶቹም አንጀት አይችልም። ያኔ ወደቡም ቀረ፣ ኤፊም ውሃ ውስጥ ናት። ሁሉ ነገር ያለው ያ ሰፊ ጀርባ ላይ ነው፤ ጀርባውም ከእሷ እየራቀ ነው።

ጉልበቱ ድረስ ቶሎ ቶሎ ሄደ። ጭኑ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። ወገቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። አፉን ከፍቶ አየር ፈለገ፤ አየሩ እምቢ አለው። ይህ ሰው አርባ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ነው። ማዕበሉን በጠረኑ ያውቃል፣ ዓሣው የት እንደሚተኛ ያውቃል፣ በጭጋግ ውስጥ ቤቱን ያገኛል። አንድም ቀን ግን ውሃው ውስጥ ቆሞ አያውቅም።

እጁ የጀልባው ጠርዝ ላይ ነው። ሁሉም መውጣቱን ይጠብቃል። እሱ ግን አልወጣም፣ አልተመለሰምም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ባቲያ ከአሸዋው ላይ ታየዋለች። ዋቲ ሊገባለት ተነሣ፤ እናቱ እጁን ይዛ አስቀረችው። ብዙ ቆይቶ ዶድ ዞረ።

«ባቲያ» አለ፤ ድምፁ አነሰ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ዛሬስ ለዘብ ብሏል።»

ውሃው ወገቡን ያንገላታዋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሊጠይቅ የፈለገውን ባቲያ ገና ሳይናገር አወቀችው፤ አርባ ዓመት አብራው ኖራለች።

«በእነዚያ በሁለቱም ጥር?»

«አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ» አለችው።

ዶድ የጀልባውን ጠርዝ ለቀቀ። ወደ ዳር ሲወጣ ያ ጎረምሳ እንኳ መንገዱን ለቀቀለት። ባቲያ ሻርፗን አውልቃ ልትደርብለት ቀረበች፤ አልተቀበላትም፣ መልሶ ለራሷ ደረበላት። ከዚያ ለአለቆቹ ወደቡን ሊቀበል ወደ ባለርስቱ ቤት እንደሚሄድ ነገራቸው፤ አስተያየትም አልጠየቃቸው። ቦት ጫማው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሱሪው እየተንጠባጠበ አቀበቱን ያዘ። እነሱም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ወደቡ ሁለት የብርድ ወቅት ፈጀ። እስኪያልቅ ድረስ የስካርኖክ ወንዶች በገዛ እግራቸው እየገቡ ወጡ፣ ኤፊም ውሃ አልነካችም፤ ጀልባው ላይ የሚቀይሩት ደረቅ ሱሪና ካልሲ ሴቶቹ ጠቅልለው ይሰጧቸው ነበር። ዓሣውም እንደ ድሮው መጣ። ይህን ያህል ዘመን የወንዶቹ እግር ደረቀ ረጠበ፣ ለካ ዓሣው ጉዳዩም አልነበረም።