የእህቷን ገዳይ ፍሪዘር ውስጥ ያኖረችው ሴት

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ታናሽ እህት የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች የፋብሪካ ቺዝ በልታ ታመመች። በአምስተኛው ቀን እሷም በሆዷ ያለውም አለፉ። ከደሟ የተገኘው ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነበር።

ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ አስቀድሞ ሰምቶ ሁሉን አሳጥቦ ጠበቃቸው፤ ምንም አልተገኘም። በዚያም አላበቃም። አንድ ካርቶን ሙሉ ቺዝ አሸክሞ እቤታቸው መጣና እናትየዋን፣ "እማማ፣ እግዜር ያጥናዎ። ለወደፊቱ ግን ፍሪጃችሁን በደንብ አጽዱ" አላቸው።

እናት አለቀሱ። ልጅ አላለቀሰችም። ካርቶኑን በእግሯ ገፍታ ከበር አወጣችና፣ "አንተን ሳላስለቅስ አልሞትም" አለችው።

ከእህቷ ደም የወጣውን ባክቴሪያ አውራ ጣት በምታክል ቱቦ አድርጋ ፍሪዘር ውስጥ አኖረችው። ቁጥር ብቻ ጻፈችበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አራት ዓመት ጠበቀች።

ሥራዋ በፌጅ ነበር። ፌጅ ሰውን ትቶ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ያውም መራጭ። አንዱ የሚጨርሰውን ዘር ሌላው አይነካውም። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ እንደ ስስ ጉም ሲዘረጋ አሥራ ሁለት ዓይነት ፌጅ በየቦታው ጠብ ታደርግበታለች፤ የተስማማው ያረፈበት ቦታ በማግስቱ ጥርት ብሎ ይበሳል። የሁለት ሳህኖች ቀዳዳ ከገጠመ ባክቴሪያዎቹ የአንድ ዘር ናቸው ያሰኛል።

በሁለተኛው ዓመት ከፋብሪካው ለምርመራ የመጣላት ናሙና ንጹሕ ሲሆንባት እጇ ወደ ፍሪዘሩ ሄዶ ነበር። አንዲት ጠብታ ብትጨምርበት ማን ያውቃል? መልሳ ዘጋችው። ለሰውየው አዝና አይደለም። ውሸቷ ከታወቀ ሰውየው ነጻ ይወጣል ብላ ነው።

በአራተኛው ዓመት ወደ ፋብሪካው የሚሄደውን ተቆጣጣሪ ለብቻው ያዘችው።

"ጠረጴዛውን ሁልጊዜ ያጥቡታል። መቁረጫ ማሽኑ ሥር ያለውን የፍሳሽ ቱቦ ጥረግልኝ።"

"ውስጡን?"

"ክንድህ እስከደረሰ።"

ከፍሳሽ ቱቦው ሊስቴሪያ ወጣ። የእህቷንም ከፍሪዘር አውጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን አበቀለችና ፌጆቹን አንጠባጠበችባቸው። በማግስቱ ሳህኖቹን ወደ ብርሃን ስታነሳ ሦስተኛው፣ ሰባተኛውና አሥራ አንደኛው ቦታ በሁለቱም ተበስቷል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አለቃዋ ውጤቱን አየው። "አንቺ አትፈርሚበትም" አላት።

"አራት ዓመት ጠብቄ?"

"ፍርድ ቤት ላይ የሟች እህት ናት ብለው ወረቀቱን ውድቅ ያደርጉብሻል።"

ፊርማዋን ተወች። ናሙናው ከየት እንደመጣ ያልተነገረው ባልደረባዋ ሥራውን ከመጀመሪያው ደገመው። ያው ሦስት ቀዳዳ።

ፋብሪካው ታሸገ፤ ሥራ አስኪያጁ ተከሰሰ። በየቀጠሮው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። አምስት ዓመት የተፈረደበት ቀን በፖሊስ ታጅቦ ሲያልፍ አጠገቧ ቆም አለ።

"እኔም ልጆች አሉኝ። ይቅር በይኝ።"

"ያድጉልህ" አለችው። "ለምን እንደታሰርክ ግን ራስህ ንገራቸው። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።"

እቤት ስትደርስ እናቷ፣ "አሁንስ በረደልሽ?" ብለው ጠየቋት።

"ትንሽ" አለች ጫማዋን እያወለቀች።