ያታለላት ሰው ደብዳቤ

ያን ቀን ኮልፌ ላይ የወረደው በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው መደማመጥ አልቻለም። ሳምሪ የምትባል የዩኒቨርሲቲ አጥኚ ስለ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ቅጽ ልታስሞላ መጥታ፣ ጥያቄውን እየጮኸች ትጠይቃለች። የምትጠየቀው ሰልዋ ናት፤ ሁለት ዓመት ኩዌት ሠርታ ባዶ እጇን ተመልሳ እናቷ ቤት የተቀመጠች። ተታለው ለሄዱ ሴቶች አንድ ድርጅት በዚህ ቅጽ እየመረጠ የስፌት መኪና እንደሚሰጥ ከሰማች ወዲህ ሌላ ሐሳብ የላትም።

«ደላላው አታሎሻል?»

«ኧረ እሳቸው አላታለሉኝም። እመቤቲቱ ክፉ ናት፣ ደመወዝም ላትሰጥሽ ትችላለች ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«እዚህስ ምን ሥራ ነበረኝ?»

ሳምሪ ቅጹን ብታገላብጥ ለዚህ መልስ ቦታ አጣች። «ያልተታለለች የስፌት መኪና አታገኝም» አለች አዝና። «ምናልባት መታለልሽን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከእድር ብታመጪ።»

የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ይመር ናቸው። ደላላውም እሳቸው ናቸው።

ሰልዋ ሄዳ ለመነቻቸው። እንዲህ ብሎ መፈረም ሊያሳስራቸው መቻሉ አላሳሰባቸውም፤ የከነከናቸው ስማቸው ነው።

«ስንት ዓመት ስሠራ ማንን ዋሸሁ? አሁን በስተርጅና ዋሾ ልባል?»

«አውቃለሁ ጋሼ። ለመኪናው ሲባል ነው።»

«እናትሽስ ምን ትለኛለች?»

«እሷ ናት የላከችኝ።»

«በመጠኑ አታለልናት» ተብሎ ይጻፍ አሉ። ሰልዋ በመጠኑ የተታለለች ላይቀበሉ ይችላሉ ብላ አስተወቻቸው። እያጉረመረሙ ጻፉ፦ «ወይዘሪት ሰልዋን ያታለልናት እኛው መሆናችንን እያረጋገጥን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት በትሕትና እንጠይቃለን።» ፈረሙና ማኅተሙን ሁለቴ መቱበት።

ሳምሪ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ድርጅቱ ግን ማኅተሙን ሲያይ አመነ። ወዲያውም ሌላ ጣጣ መጣ፤ ያታለላት ሰው ጎረቤቷ ከሆነ እዚያ ሰፈር ማደር የለባትም፣ ለደኅንነቷ መጠለያ ትግባ ተባለ። ፍራሿን እስከ ታክሲው ድረስ የተሸከሙላት ጋሽ ይመር ናቸው።

«እዚያ ምግብ እንዴት ነው? ጠይቀሻል?» አሏት።

አልጠየቀችም ነበር።

ሰልዋ አሁን መጠለያው ውስጥ ናት። በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ ስልኳ ኃላፊዋ ዘንድ ነው፣ የስፌት መኪናውን ሰጥተዋታል።