አባቴ ይዞት የሄደው ፔዳል

አባቴ ከቤት የወጣው ፔዳል ሊያስጠግን ነው። ይህን ስናገር ሰዎች የብስክሌት ወይም የልብስ ስፌት ማኪና ፔዳል ይመስላቸዋል፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ አላርማቸውም። ሰው ስለ አባቱ መጥፋት ሲያወራ መካከል ላይ ቆሞ ስለ ሙዚቃ ዕቃ ማስተማር ደስ አይለውም። እዚህ ግን የሚያቻኩለኝ የለምና ላስረዳ።

አባቴ የሚጫወተው ስቲል ጊታር የሚባለውን ነበር። ይህ ጊታር እንደ ሌላው አይታቀፍም፤ እንደ ገበታ ፊት ለፊት ይጋደማል። ግራ እጅ ለስላሳ ብረት ይዞ ክሮቹ ላይ ይንሸራተታል፣ ቀኝ እጅ ክሮቹን ይነካል። ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘልም፤ እየተጎተተ ይሄዳል። በወጣትነቱ የተቀጠረበት የሙዚቃ ጓድ ሲበተን ጊታሩንም ፔዳሉንም ይዞ ወጣ። እንዴት እንዳወጣቸው ጠይቄው አላውቅም፤ ብጠይቀውም ሳቅ ብሎ ያልፈኝ ነበር።

ፔዳሉ ላዩ ጥቁር ጎማ የለበሰ ግራጫ ብረት ነው። በጣትህ በኩል ስትጫነው ድምፁ ይጨምራል፤ በተረከዝህ ስትጫነው ይጠፋል። ይሄ የብዙ ፔዳል ጠባይ ነው። የእሱ ግን ወደ ጎንም ይዞራል፤ እግርህን ወደ ውስጥ ስታዞር ድምፁ ይወፍርና ይጨልማል፣ ወደ ውጭ ስታዞር ይቀጥንና ይበራል። አባቴ ክሩን የሚነካው መጀመሪያ ድምፁን በተረከዙ ዘግቶ ነው። ከነካው በኋላ ቀስ አድርጎ ይከፍተዋል። በዚህ የተነሣ የጣቱ ምት አይሰማም፤ ድምፁ መነሻ የለውም። ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ቤት ውስጥ ታገኘዋለህ። «የመታው እጅ አይሰማ» ይል ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ያስፈራኝ ነበር፤ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረበት። በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት የተሰበረ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ወጌሻ ቢያሽለትም በደንብ አልገጠመም፤ እግሩ ወደ ውጭ እስከ መጨረሻው አይዞርም። ስለዚህ የእሱ ጊታር ሙሉ በሙሉ በርቶ አያውቅም። ሊበራ ሲል፣ ሊናገር አፉን ከፍቶ እንደተወ ሰው፣ እዚያው ላይ ይቆማል። የሙያ ጓደኞቹ «አንካሳው መጣ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ይቀልዱ እንጂ እንደሱ አድርጎ የሚያስለቅስ በከተማው አልነበረም።

ፔዳሉ እያረጀ ሲሄድ በረገጠው ቁጥር ይንኮሻኮሽ ጀመር። ነገሩን የሚያውቅ ጠጋኝ ጎንደር ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተዛውሯል። ጊዜው መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። እናቴ «ምነው ይኸን ሰሞን ብትተወው?» አለችው። እሱ ፔዳሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወደ መናኸሪያ ወረደ። ሳይመለስ ሲቀር ጠጋኙን ብንጠይቅ «እኔ ዘንድ አልደረሰም» አለ። ከአውቶቡሱ ወርዶ በእግር ሲሄድ አየነው ያሉ ነበሩ፤ የለም፣ ጭራሽ አልተሳፈረም ያሉም ነበሩ። ሆስፒታሉን፣ ጣቢያውን፣ የዘመድ ቤቱን ሁሉ አዳረስን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እውነቱን ለመናገር ከኀዘኔ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ለአንድ ለሚንኮሻኮሽ ብረት ብሎ ነው የሄደው! እኔ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ የኔ መሣሪያ ሲበላሽ ሌላ እከራያለሁ። አባቴ ይህን የኔን ነገር «ሥራ ነው፣ ጥሩ ነው» ይለው ነበር እንጂ ሙዚቃ ብሎት አያውቅም።

እናቴ ግን አልተናደደችም፤ አላዘነችምም። ጠበቀች። እዚህ አገር ሰው ርቆ ሄዶ ሲሞት ሬሳው ባይገኝ እንኳ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ልብሱ ወጥቶ ይለቀስለታል፤ እርም ማውጣት ይባላል። ያ ካልሆነ የቀረው ሰው መበለትም አይደለም፣ ባለትዳርም አይደለም። እናቴ «እርሜን አላወጣም» አለች። አክስቴ ከጠዳ እየተመላለሰች ለመነቻት፤ እናቴ ሰማች፣ ምሳ አቀረበች፣ ሸኘቻት። የንስሐ አባታችን ደግሞ ፍታት ይደረግለት ብለው መጡ።

«አባቴ፣» አለቻቸው፣ «መንገድ ሄደ እንጂ ሞተ ብሎ የነገረኝ አለ? ሰው በቁሙ ይፈታል?»

እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ።

ከሁሉ የከበደው የሰው ለቅሶ ነው። እናቴ ድሮ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ አንድ ስንኝ ስትጥል ድንኳኑ በሙሉ ይነቃነቅ ነበር። አሁን ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። አንድ ጊዜ ከጎረቤት ቀብር ስንመለስ ጠየቅኋት። «እንባዬ እሱን እንዳያገኘው ብዬ ነው» አለችኝ። ለማንም ብታለቅስ እንባዋ መንገድ ስቶ አባቴ ላይ የሚወድቅ መስሏት ነበር። ሰፈሩ «ልቧ ተነካ» ይላል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አልሰማችም። እኔ ሰማሁ። ሰውነቷ እያለቀ፣ ፊቷ እየከሳ ሄደ። በሕይወት ያለችውን እናቴን የጠፋው አባቴ እየወሰዳት መሰለኝ፤ ይህንንም ሳስብ አባቴን እጠላው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እንግዳ መጣብን። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነው፣ የወለቃ ልጅ፤ ቤተሰቡ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ወደ እስራኤል ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው። ስለ አባቴ መጥፋት እዚያው ሆኖ ሰምቷል። ከሻንጣው ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ግራጫ ብረት፣ ጥቁር ጎማ።

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «የት አገኘኸው?» አለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

እንግዳው መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱ አይደለም» አለ፣ «ይቅር በይኝ፣ እሱ አይደለም። ፋብሪካው ከተወው ዘመን አልፎ ነበር፤ አሁን የድሮውን የሚናፍቅ ሰው ስለበዛ በዚያው መልክ እንደገና ይሠሩታል። ለልጁ ይሆነዋል ብዬ ነው።»

እሷ ግን አንሥታ ገለባበጠችው። ጎማውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ በድሮው ላይ የአባቴ ተረከዝ የበላው ቦታ ነበር፣ እሱን ነው የምትፈልገው። የለም። «ይሄስ ሰው ያልረገጠው ነው» አለችና ወስዳ ጊታሩ አጠገብ አስቀመጠችው። «ሲመጣ ደስ ይለዋል።» እንግዳው አንገቱን ደፋ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ስትወጣ እየጠበቅሁ ጊታሩ ፊት መቀመጥ ጀመርሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ክሮቹን አጠበቅሁ፣ ፔዳሉን አገናኘሁ፣ ድምፅ ማጉያው እንደ ሽማግሌ አቃስቶ ተነሣ። ፔዳሉ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ንጹሕ ነው፣ አይንኮሻኮሽም። የሚወጣው ድምፅ ግን የአባቴ አልነበረም። ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነው፣ እስከ መጨረሻው ይበራል። ደጋግሜ ሞከርሁ። ችግሩ የኔ እግር መሆኑን የተረዳሁት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ያን ዕለት እናቴ ማኅበር ሄዳለች። መብራት አለ። ሰማዩ ከብዷል፣ ገና አልጣለም። አሮጌ ፎጣ ቀደድሁና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን እንዳይዞር አድርጌ ጠፍሬ አሰርሁት። እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳረፍሁ፣ በተረከዜ ዘጋሁ፣ በአምባሰል ቅኝት አንዱን ክር ነካሁ፣ ቀስ አድርጌ ከፈትሁ።

አባቴ ቤት ውስጥ ነበር።

ይህን ለማለት አፍራለሁ፤ ግን የሆነው እሱ ነው። ድምፁ ሊበራ መጣ፣ ሊናገር መጣ፣ እዚያው ላይ ቆመ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የተቀመጥሁት፤ መዞር አልቻልሁም። አንገቴ ላይ አየር የነካኝ መሰለኝ። ብፈራም አላቆምሁም፤ ካቆምሁ የሚሄድብኝ መሰለኝ። እየተጫወትሁ፣ ሰርግ ላይ ስንት ሰው ያስጨፈርሁት ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር።

ያኔ ነው እልልታው የተሰማው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የቀኝ ጎረቤታችን ናት፤ ልብስ እያጠበች ኖሮ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። «አያ ገቡ! እልልልል! እትየ የት አለች? አያ ገቡላት!» ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ይገባሉ፤ አንዷ ገና ከደጅ ጀምራ ታለቅሳለች፣ አንዷ ደረቷን ይዛ «ተመስገን» ትላለች። ያን አንካሳ ድምፅ እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰፈሩ በሙሉ በጆሮው ይዞት ኖሯል። በግድግዳ በኩል ሲሰሙት ሌላ ማስረጃ አልጠየቁም። ጎረቤቴ ዓይኗን ከኔ ወደ ጓዳው መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወደ አልጋው አዘዋወረች። «እሱ አልመጣም» ማለት ነበረብኝ፤ ማለት አቃተኝ።

በዚህ መካከል እናቴ ከታች እየመጣች ነበር። ዝናቡን ፈርተው ማኅበሩን ቶሎ በትነዋል። ከታች ካለው ሱቅ አጠገብ ስትደርስ ጊታሩን ሰምታለች፤ እልልታውንም ሰምታለች፤ በየበሩ የቆመው ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ አሳልፏታል። በመስኮት አየኋት። ትሮጣለች ብዬ ነበር። አልሮጠችም። ጃንጥላዋን እንደያዘች፣ ሰው እንዳጀባት ሆና፣ ቀስ ብላ ነው ዳገቱን የወጣችው።

በሩ ላይ ስትቆም ሴቶቹ ገለል አሉላት። ያየችው ፊቴን አይደለም፤ በጨርቅ የታሰረውን እግሬን ነው።

«እትየ፣» አለች ጎረቤታችን፣ «እኛ እኮ… ድምፁን ስንሰማ…»

«እኔም ሰማሁት» አለች እናቴ። ጃንጥላዋን አጠፈች። «ከሱቁ ጀምሮ እስከ በራችን አብሮኝ መጣ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ወጥቶ አልተቀበለኝም። ሰው ቢሆን ይወጣልኝ ነበር። የመጣው ድምፁ ነው።»

ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠችና እግሬን ጭኗ ላይ አወጣችው። ቋጠሮውን አጥብቄው ኖሮ በጥፍሯ አልተፈታ አላት፤ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ላላ አደረገችው። ጨርቁን ዙር በዙር ፈታች። የታሰረበት ቦታ ቀልቶ ነበር፤ በመዳፏ አሸችው።

«ለንስሐ አባታችን ንገራቸው» አለችኝ ቀና ሳትል። «አባትህ ይፈታ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ።

«እናንተም» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «ከመጣችሁ አይቀር ተቀመጡ። ነጠላችሁን አዘቅዝቁ።»

ተቀመጡ። ለደስታ የመጡበትን ነጠላ ለኀዘን አዘቀዘቁት። አረፋው ክንዷ ላይ እየደረቀ ያለችው ጎረቤታችን ቀድማ በለቅሶ ፈነዳች። እናቴ ግን አልቸኮለችም። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያልሰማነው ድምፅዋ ወጣ፦

«እልል ተባለልህ ምነው ዝም አልህ፤
ድምፅህን ልከኸው አንተ የት ቀረህ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ቤቱ ተነቃነቀ። እኔም ሳላስበው ብረቱን አነሣሁ፤ እንዳጅባት፣ ድምፅዋ የሚሄድበትን እንድከተል። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው፣ ተረከዜ ዘግቷል፣ ጣቴ ክሩን ነክቷል፣ መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። እናቴ ሙሾዋን አቋርጣ መዳፏን ክሮቹ ላይ ጣለች።

«ተወው ልጀ» አለችኝ። «ይሄ የአባትህ ድምፅ ነው፤ ሰው የራሱን ለቅሶ አያለቅስም።»

እግሬን አነሣሁ።