የወፍ በሽታ ያልነው

ሐኪሙ ያሳየኝ ቱቦ ከስፌት ክር ብዙም አይወፍርም። ባጃጅ ተገልብጦበት ጉበቱ ለተጎዳው ልጄ ቱቦውን በብሽሽቱ ደም ስር አስገብቶ፣ ጉበቱ ድረስ አድርሶ፣ የሚደማውን ስር ደፈነለት። ሆዱ እንኳ አልተቀደደም። «ደሙ በሐሞት መውረጃው ወደ አንጀት ሲፈስ ነው ዓይኑ ቢጫ፣ ሰገራው ጥቁር የሆነው» አለኝ። ልጄ ተረፈልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንጀቴ ግን አረረ። ወንድሜን ምን እንደገደለው ያን ቀን ገባኝ።

ደርግ ነበር፣ ምን ልበልህ። መካነ ሰላም በገበያ ቀን ለውትድርና አፈሳ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ሲሮጥ አንዱ ሚሊሻ በሰደፍ ቀኝ ጎኑን መታው። እንደ ምንም አመለጠ። እናቴ ጎኑን በቅቤ አሸችው፣ ሕመሙ ሲተወው እኛም ረሳነው።

ኋላ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፣ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። ታዲያ ዓይን ቢጫ ከሆነ በኛ አገር ማን ይጠይቃል? የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው ተባለ። መድኃኒተኛው ሽማግሌ ሥር ወቅጠው፣ በጥብጠው አጠጡት። መራራ ሽታው ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። በነጋታው ሰገራው እንደ ጥላሸት ጠቆረ።

«በሽታው እየወጣለት ነው፣ ደስ ይበላችሁ» አሉ ሽማግሌው።

ደስ አለን። ወንድሜ ደሙ እየፈሰሰ እኛ ደስ አለን! ቁርጠቱ ጋብ ባለ ቁጥር መድኃኒቱን መረቅን፣ ሲመለስበት ደገምነው።

አጎቴ «ደሴ ሆስፒታል ውሰጂው» ቢላት፣ እናቴ «ኬላው ላይ አውርደው ጦር ሜዳ ሊልኩብኝ?» አለችው። እውነቷን ነው፣ ይልኩታል። ደሴስ ቢደርስ ያን ጊዜ ይህ ቱቦ ከየት ይመጣል? ብቻ ደም ነው የሚለን አንድ ሰው እንኳ ባገኘን።

አንድ ቀን ጠዋት «እማ፣ ዛሬስ ቀለለኝ፣ ገንፎ አምሮኛል» አላት። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዳነልኝ» እያለች ዱቄት ልትበደር ወጣች። ገንፎው ሳይበስል ወንድሜ ደም አስመለሰ፤ አላቆመም። እጄን ይዞ ነበር፣ ከዚያ ለቀቀኝ።

«እንኳን አላህ ማረው» ሊሉ ወተት ይዘው የመጡት ጎረቤቶች፣ ወተቱን ደጅ አስቀምጠው ለቅሶ ገቡ።