የሴት ልጅ ድርሻ

«የአባቴ ልጅ ነኝ፣ በመልኬ በግብሬ… ህም… ህም…»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶባታል። አባቷ ቤት ሲቀባ ያንጎራጉረው የነበረ ዜማ ነው፤ እሷም ሙያውን ከነዜማው ወርሳ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ መሰላል ጫፍ ላይ ሆና ትለዋለች።

አባቷ በጉልምስናው ልቡ ድንገት ቀጥ አለች። ታላቅ ወንድሟም እንዲሁ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዘመድ አዝማዱ ዘንድ «የልብ ነገር የወንዶቻችን ነው» ተብሎ ተደመደመ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟን፣ በያጁን፣ በየዓመቱ እየጎተተች ታስመረምረዋለች፤ እሷ ኮቱን ታቅፋ ደጅ ትጠብቃለች።

ዘንድሮ ግን የክሊኒኩ ደረጃ አጋማሽ ላይ ትንፋሿ ከዳት፤ መንጋጋዋንም ጨምድዶ ያዛት። ሐኪሟ ከላይ አየቻት።

«እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?»

«እኔ አጃቢ ነኝ፣ ዶክተር።»

አጃቢዋ ተመረመረች። የደሟ ስብ ከወንድሟ በለጠ፤ የልቧ ደም ሥርም መጥበብ ጀምሯል።

«ይሄ በዘር የሚመጣ ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይደርሳል» አለች ሐኪሟ ኪኒን እያዘዘችላት። «ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ዘግየት ይላል፤ ዘገየ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። አንዳንዴም ተራ ድካም መስሎ ያታልላል።»

«በዚህም በለጥሽኝ?» አለ ወንድሟ፣ ሊያስቃት።

«አባባ ቤቱን ለናንተ አወረሰ፤ ደሙን ግን አላዳላም። በል፣ ነገ ልጅህን ስጠኝ፣ ላስመርምራት።»

ሳቁ ጠፋ። «በናትሽ እሷን ተያት! ገና ለጋ ናት። ሰው ቢሰማ ማን ያገባታል?»

«የአባባን አስከሬን ተሸክመሃል፣ የወንድማችንንም። የሷን ትከሻህ ይችለዋል?»

«ጠዋት እልካታለሁ» አለ ወንድሟ።

በማግስቱ ሁለት ሴት ልጆቿንና የወንድሟን ልጅ እህል ሳይቀምሱ አስከትላ ክሊኒክ ደረሰች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቀና አለ፦ «ታማሚዋ የትኛዋ ናት?»

«ታማሚ የለም» አለች ደረቷን ነፍታ። «ወራሾች ነን!»

ልጃገረዶቹ ደም ሰጥተው በሉ። እሷ ግን ውጤቱ ሳይነገር አልቀምስም ብላ ድርቅ አለች። የራሷ ልጆች ነጻ ወጡ። የወንድሟ ልጅ ላይ ተገኘ፤ ግን ገና በማለዳው ተደርሶበታል፣ ደም ሥሯ ጤነኛ ነው፣ መድኃኒትም አለው።

ቤት ሲገቡ በያጁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰማ። ልጁን አቀፈ፤ ቀጥሎም እህቱን፣ አጥብቆ። እሷ እንደ ልማዷ ጭልፋውን ልታነሳ ስትል የወንድሟ ልጅ ቀደመቻት።

«አክስቴ፣ ዛሬ አንቺ አትቆሚም።»

ወንድሟ ወንበር ሳበላት። ስንኙ አሁንም አልመጣላትም፤ ምን አባቱ! ዜማውን በአፍንጫዋ እያዜመች ከልጃገረዶቹ መሃል ተቀመጠች፤ ዳቦውን ቆርሳም ጎረሰች።