የአባቴ ጥሩምባና የውሃ ቧንቧው

ባለፈው እሁድ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ አድርጎ መረጠኝ! የእድሩ ዳኛ ጥሩምባውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝና «አብሽሪ፤ ሴት ነፍታ አታውቅም እንጂ አትንፋ የሚል ሕግ የለንም» አሉኝ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ቤት ደርሼ ግን አለቀስኩ። ጥሩምባው የአባቴ ነበር።

አባቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር። እኛ ያለነው መካነ ሰላም ዳር ላይ ነው፤ የሰፈራችን ግማሽ ከገደሉ ማዶ ነው። «እገሌ አረፈ» የሚለው ጥሪ እዚያ አይደርስም፤ ጥሩምባው ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሳይቆረጥ ረዝሞ ከተነፋ ሞት ነው፤ እየተቆራረጠ ከተነፋ ስብሰባ። ይህን ሕፃን እንኳን ያውቃል።

እሱ ራሱ የሞተ ቀን ግን የሚነፋ ጠፋ። ኔትወርክም አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት ትራምፔት እለማመድ ስለነበር «እኔ እነፋዋለሁ» ብዬ ጥሩምባውን ከግድግዳው ላይ አወረድኩት። ስነፋ ለቅሶው መጣብኝና ትንፋሼ ተቆረጠ። እንደገና ነፋሁ። ተቆረጠ። ሦስቴ።

ማዶ ያሉት ስብሰባ መሰላቸው። የጀመሩትን ሥራ ጨርሰው፣ ቀስ ብለው ሲመጡ አባቴ ተቀብሯል። ለሰው ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋ የኖረን ሰው ግማሽ ሰፈር ብቻ ቀበረው። አንድ ሽማግሌ ደጃችን ላይ ቆመው «ምነው ልጄ፣ ለስብሰባ ጠራሽን እኮ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረም፤ እያለቀሱ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትራምፔት አልነካሁም። አንድ ቀን የሙዚቃ ክበብ መምህራችን ስልካቸውን አውጥተው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚነፉትን ረጅም የእንጨት ቱቦ አሳዩኝ። ዲጀሪዱ ይባላል። ሰውየው ይነፋል፣ ይነፋል፣ ድምፁ አይቆረጥም!

«ቲቸር፣ መቼ ነው የሚተነፍሰው?»

«እየነፋ።»

ዲጀሪዱ እንዲሆነን የተረፈ የውሃ ቧንቧ ቆረጥን፤ አፉን ከንፈር እንዳይጎዳ በጧፍ ሰም ለበጥነው። ጉንጬ ውስጥ ያስቀረሁትን አየር እየገፋሁ በአፍንጫዬ ፈጠን ብዬ መሳብ ነበረብኝ። ከንፈሬን ሳጠብቅ ቧንቧው ዝም ይላል፤ ሳላላና ከሆዴ ስተነፍስ ያጉረመርማል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ያን ቀን ለቅሶው መጀመሪያ ያጠበቀው ከንፈሬን ነበር።

ጎረቤታችን አጥር ላይ ብቅ ብላ «እቴ፣ በሬያችሁ ታሟል እንዴ? ሲያጓራ ዋለ!» አለች።

«በሬ ከየት አምጥተን? ልጄ ናት» አለች እናቴና ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ከወራት በኋላ ትራምፔቱን መልሼ ሳነሳ ከንፈሬ ቶሎ አይደክምም፤ ትንፋሼም አያልቅም። የእድሩ ዳኛ በትምህርት ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ሰምተውኝ ለጥሩምባ ነፊነት ያጩኝ ያን ሰሞን ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ «ምነው ያኔ ባውቀው ኖሮ» አልኩ። ይህን የማልልበት ቀን የለም።

የፊታችን ቅዳሜ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። ዳኛው ስለፈቀዱልኝ ጠዋት ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሜ በእሱ ጥሩምባ አንዴ፣ ሳልቆርጥ እነፋለሁ። ስትሰሙ አትደንግጡ፤ አዲስ ሞት የለም። ያኔ በወጉ ያልጠራኋችሁን አሁን መጥራቴ ነው። ማዶ ያላችሁም፣ በከላላና በወግዲ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም፣ ኑ፤ ዝክሩን አብረን እንቅመስ።