እናቴ ሥራ ቦታዬ የመጣች ቀን

አሜሪካ፣ አትላንታ አቅራቢያ ማሪዬታ በምትባል ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ ኤርፖርት አውሮፕላን እጠግናለሁ፤ ፓይለትም ነኝ። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ አውሮፕላን ከመፍራቷ የተነሳ አትላንታ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ነው የመጣችው። አንድ ቅዳሜ ሥራዬን ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ሞተሩን የጠገንኩለትን ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን አብርሬ ልሞክረው ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ከማን ጋር ነው የምትወጣው?»

«ብቻዬን። ከጥገና በኋላ መጀመሪያ ሲሞከር ተሳፋሪ አይፈቀድም፣ እማዬ።»

ክንዴን ለቀቀችኝ። ጥቂት ዞሬ ሳርፍ፣ ሣሩ ላይ ቆማ እጆቿን ለዱዓ እንደዘረጋች አገኘኋት። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

«አየሽ፣ ምንም አልሆንኩም» ብዬ አቀፍኳት።

ግንባሬን ሳመችኝና አልፋኝ ሄደች። ዞር ስል፣ ያቺ ፈሪ እናቴ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብታ ቀበቶውን ትጎትታለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተሳፋሪ ካልተፈቀደ መንዳቱን አስተምረኛ! ሁለተኛ ብቻህን አትሞክርም።»